የመልሱ ባለቤት

እትዬ ሐምዲያ ከሳሎን ሆነው «ሂዳያ!» ብለው ቢጣሩ፣ ልጅቱ ከማድቤት «ይጨምር!» ብላ መለሰች። እሳቸውም ወደ አፋቸው ያስጠጉትን ሳምቡሳ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። ዘይት የነካውን ጣታቸውን በሶፍት ጠረጉና፣ የሰሙትን እንደ መጠራጠር ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሂዳያ፣ ልጄ!» አሉ። «ይጨምር! መጣሁ፣ መጣሁ፣ ሻዩን ልቅዳ ብዬ ነው።» እትዬ ሐምዲያ የማድቤቱን በር አዩት። አስተያየታቸው በሚመጣው እሁድ ለልጃቸው ሽማግሌ የሚልኩባትን ልጅ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት አልነበረም። ሊመጣ የማይችል ሌላ ሰው ከዚያ በር ይወጣ ይሆን ብሎ የሚፈራ ሰው እንዲያ ያያል።

የሂዳያ እናት መፍቱሃ ከፊታቸው ተቀምጣ ይህን አየች፣ ምን እንዳየች ግን አላወቀችም። በእነሱ ቤት ሴት ልጅ ስትጠራ «ይጨምር» ትላለች፣ አለቀ። ሌላው ሰው «አቤት» እንደሚለው፣ እኩያ ለእኩያው «ወይ» እንደሚለው ማለት ነው። አክስቶቿ እንዲህ ይሉ ነበር፣ እሷም ከነሱ ጉልበት ሥር ስታድግ አፏን በዚያው ፈታች፤ የቤቱ ጨዋነት ይመስላት ነበር። በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ማድቤት እንኳ፣ ኖርዌጂያኑ አለቃዋ ሲጠራት «ይጨምር!» ስለምትል፣ «መጣሁ» ማለት መስሏቸው ዛሬ ድስት አጣቢው ሁሉ ሲጠራ «ይጨሜር» ይላል። ስቀው ጀምረው ለምደውት ቀርተዋል።

«ይሄን አመላለስ ከማን ተማረች?» አሉ እትዬ ሐምዲያ።

«ከእኔ ነዋ። እኔም ከአክስቶቼ።»

«የአባትሽ ሴት አያት ማን ይባሉ ነበር?»

መፍቱሃ ደረቷን ነፋ አድርጋ ቤተሰቡ ሁልጊዜ የሚለውን አለች። «ዐረብ ነበሩ ይባላል፣ እትዬ። ከየመን፣ ከሁዴዳ፣ ባሕር ተሻግረው የመጡ።» አፍንጫዋን ሳታውቀው በጣቷ ነካ አደረገች፤ ልጅ ሆና ይህ አፍንጫ የዐረቧ ነው ይሏት ነበር።

«ስማቸውን ነው የጠየቅሁሽ።»

መፍቱሃ የአያቶቿን ስም በልቧ ጠራች። ወንዶቹን አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። የሴትየዋ ስም ግን የለም። ጠፍቶባት አይደለም፣ ከመጀመሪያውም ሰጥተዋት አያውቁም፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ስትኖር ይህን አንድም ቀን አላስተዋለችውም። ሂዳያ ሻዩን ይዛ ገባች፣ ሁለቱንም አየቻቸውና ትሪውን ቀስ ብላ አስቀምጣ ተመለሰች። እትዬ ሐምዲያ ካፖርታቸውን አነሡ። «ከመግሪብ በኋላ እመለሳለሁ። እስከዚያ ስማቸውን ፈልጊልኝ። ወንዶቹ ሳይሰሙ እኔና አንቺ ብንጨርሰው ይሻላል። አጥንት ሳይጠየቅ ሽማግሌ አይላክም፣ ይሄ ላንቺ አይነገርም።» ሳምቡሳው ጥርስ ሳይነካው ቀረ።

እትዬ ሐምዲያ የሐይቅ ሰው ናቸው። ኦስሎ ከገባው የወሎ ሰው ቀደም ብለው የመጡ፣ ግሩነርሎካ ገና የሠራተኛ ሰፈር ሳለ፣ መስኮቱ በነፋስ እየተንቀጫቀጨ ማንም ሳይፈልገው፣ ሁለት ክፍል ቤት የገዙ ሴት ናቸው። ዛሬ በዚያ ሰፈር አንድ ስኒ ቡና በሃምሳ ምናምን ክሮነር ሲጠጣ እያዩ ይስቃሉ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ ያላቸው ልጅ ትራም የሚነዳው ሙሀይሚን ብቻ ነው። እሱና ሂዳያ ተዋደዋል፣ በራሳቸው ሄደው መፈራረም የሚከለክላቸው የለም፤ ይሁንና ሙሀይሚን እናቱን አሳዝኖ የሚያገባ ልጅ አይደለም፣ ሂዳያም እንዲያ ያለ ወንድ አትወድም ነበር። መፍቱሃ ይህን ታውቃለች። ልጇ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አፖቴክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ትሠራለች፣ ከዚህ ልጅ በፊት ስትስቅ ጥርሷን በእጇ ትሸፍን የነበረች ልጅ ናት፤ ዘንድሮ መሸፈኑን ትታለች። እንግዲህ መፍቱሃ ኮቷን ደርባ ከቤት ስትወጣ የምታስበው ስለ ሴት አያት አይደለም፣ ስለዚያ ጥርስ ነበር።

ከሰፈሯ ከሃውገሩድ በምድር ባቡሩ ወርዳ፣ መሀል ከተማ ላይ ወደ ፕሪንስዳል የሚሄደውን አውቶቡስ ያዘች። የኅዳር በረዶ ወርዶ፣ መልሶ ቀልጦ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። መስኮቱ ላይ ራሷን አስደግፋ፣ አባቷ በሕይወት ሳለ ለሙታን ፋቲሃ ሲያስቀራ ይጠራቸው የነበሩትን ስሞች በልቧ ቆጠረች። ሹዓይብ ይላል፣ ቅድመ አያቷን። ከዚያ ሑሴን ይላል፣ አያቷን። በሁለቱ መሀል ግን ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ላልተጠሩትም» ይል ነበር። ልጅ ሆና ያልተጠሩት እነማን ናቸው ብላ ብትጠይቀው አላህ ያውቃቸዋል አላት። አሁን አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ያ የጉሮሮ ጠረጋ ከኋላዋ ወንበር የመጣ መሰላት፣ ዞር ብላም አየች። አንድ ፈረንጅ ተኝቷል፣ ሌላ ማንም የለም።

ጋሼ ዑመር፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጫካው ጥግ ባለች ትንሽ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ረዳት ይላክላቸዋል። በሩን ሲከፍቱ የሱፍ ካልሲያቸው ከነጠላ ጫማቸው ሞልቶ ወጥቷል። «ያቺ የኮሙኑ ልጅ መስለሽኝ ልደበቅ ነበር» አሉ። «ባለፈው ፍሪጄን ከፍታ ይሄ ምንድነው፣ ይሄ ምንድነው ስትለኝ ዋለች። በርበሬ ነው ብላት፣ የተከፈተበትን ቀን ጻፈችበትና ሊበላሽ ነው ብላ መከረችኝ። በርበሬ ሲበላሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ክፍሏ ሞቃት ናት፣ የመንደሪን ልጣጭ ትሸታለች። ሬዲዮው ማንም የማይሰማውን ኖርዌጅኛ ያወራል። መፍቱሃ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ የአባትዎ እናት ስማቸው ማን ነበር?» አለች።

«ዐረብ ነች።»

«ስማቸውን፣ ጋሼ።»

መንደሪን አንሥተው መላጥ ጀመሩ። ልጣጩ እንዳይቆረጥ እየተጠነቀቁ፣ ዙሪያውን እያዞሩ ላጡት። «ማነው ዛሬ ይሄን የጠየቀሽ?» አሉ ቀና ሳይሉ። መፍቱሃ የጠዋቱን ሁሉ ነገረቻቸው፣ ሂዳያ ስትጠራ ያለችውን፣ እትዬ ሐምዲያ በሩን ያዩበትን ዓይን። «ይጨምር» የሚለውን ሲሰሙ የጋሼ ዑመር ጣት ቆመ። ሬዲዮውን አጠፉት። ከመስኮቱ ውጪ ጥዱ ውሃ ያንጠባጥባል።

«እስካሁን ትሉታላችሁ?» አሉ በመጨረሻ። «እኛን ወንዶቹን አፋችንን ስንፈታ እንዲያ ካልን በአለንጋ ነው ያስተዉን። ሴቶቹን ማንም አላረማቸውም። ሴት ስትመልስ ማን ይሰማታል ብለው ይሆናል።»

ከዚያ ነገሯት። ሹዓይብ ነጋዴ ነበሩ፣ እህል ወደ ታች ይወስዳሉ፣ ከታች የተገኘውን ወደ ላይ ያመጣሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ከባቲ ገበያ ሲመለሱ በቅሎዋ ላይ ከጭነቱ ጋር አንዲት ልጅ ነበረች፣ ጥርሷን ገና ያልጨረሰች። ከየት አገር እንደመጣች የሸጣትም በቅጡ አያውቅም፣ በእጅ እጅ ነው የመጣችው። በዚያ ዘመን ለተገዛ ሰው የሚወጣው ስም የጌታው ምኞት ነበር፣ መልሱም አብሮ ይሰጣል። ልጅቱን «በረከቴ ብዙ» አሏት። ሹዓይብ ከበር ሆነው፣ ጎረቤት እንዲሰማ፣ «በረከቴ ብዙ!» ብለው ይጣራሉ፤ እሷ እንጨት ትሸከም፣ ልጅ ታጥባ፣ ታማም ትተኛ፣ «ይጨምር!» ማለት አለባት። አቤት አይባልም። አቤት ያለች ለት ምን እንዳገኛት ጋሼ ዑመር አልተናገሩም፣ ትከሻቸውን ብቻ ነካ አደረጉ። ኋላ ከጌታዋ ሑሴንን ወለደች። ልጁ የሹዓይብ ልጅ ሆኖ በስማቸው ተጠራ፣ ወረሰ፣ አገባ። እሷ ግን በዚያው ጓዳ፣ በዚያው ስም ቀረች። የልጅ ልጆቹን ሁሉ በጀርባዋ ያሳደገችው እሷ ናት። ሕፃናቱም ሰው ሲጠራ እንዴት እንደሚመለስ ያዩት ከእሷ ነው። ዐረብ የምትባለው ነገር የመጣው ከሞተች በኋላ፣ ለአንዷ አክስት ባል መጥቶ አጥንት ሲጠየቅ ነው።

መፍቱሃ ሌሎቹን አያቶች «እሳቸው» የሚሉት ሰውዬ፣ ይህችን «እሷ» እያሉ መጨረሳቸውን ልብ አለች።

«አያቴ ሑሴንስ ምን ብለው ይጠሯቸው ነበር? እናቴ ብለው?»

«የለም» አሉ ጋሼ ዑመር። «በረከቴ ብዙ ይላታል። ሁሉም እንደሚላት። እሷም ይጨምር ትለዋለች፣ የገዛ ልጇን።» መንደሪኑን ሳይበሉት ሳህን ላይ አኖሩት። «ስትሞት ነበርኩ፣ ከበሩ ሥር ተቀምጬ። አባቴ ጠራት። በረከቴ ብዙ፣ በረከቴ ብዙ አላት። አልመለሰችም። በዕድሜዋ ያን ዕለት ብቻ ዝም አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አንድ ቃል አለች፣ ደጋግማ። አማርኛ አይደለም፣ ዐረብኛም አይደለም። ውሃ የፈለገች መስሏቸው ቢያጠጧት ከንፈሯን አሸሸች።»

«ቃሉ ምን ነበር?»

«ሕፃን ነበርኩ፣ ልጄ። አገሯ ይሁን፣ እናቷ ትሁን፣ የራሷ ስም ይሁን። ታክሲ ስነዳ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ አፌ ጫፍ ይደርስና ይመለሳል። አሁን አሁንማ መምጣቱንም ትቷል።» ወደ መስኮቱ ዞሩና ረጋ ባለ ድምፅ «ዐረብ ናት በያት ሐምዲያን» አሉ። «ስም ከፈለገች ፋጡማ በያት። ፋጡማ ያልሞላበት ቤት የለም። ይሄን ግድግዳ ያቆሙት አዋቂዎች ናቸው፣ ስንት ሴት ልጅ ተድራበታለች። ዛሬ አንቺ አታፍርሺው። ልጅቱ ትዳርበት።»

ወደ ቤት ስትመለስ ጨልሟል። የኦስሎ የኅዳር መግሪብ ምሳው ከሆድ ሳይወርድ ነው የሚደርሰው። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት የሸሸች ልጇን «ኖራ!» ስትላት ሕፃኗ ዞር እንኳ ሳትል በኖርዌጅኛ «ያ» አለቻት፣ እንዲያው እንደ ዋዛ። መፍቱሃ ሕፃኗን አፍጥጣ አየቻት። ሰው ሲጠራ መመለስ እንዲህ ቀላል ነገር ነውን? በባቡሩ ማስታወቂያ፣ በሰው ስልክ፣ አንድ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር የማታውቃት ሴት መልስ ምላሷ ሥር እየተነሣ አስቸገራት። ጥርሷን ነክሳ ያዘችው። ፋጡማ፣ ፋጡማ እያለች ተለማመደች። ስሙ ጥሩ ስም ነው፣ ነገር ግን ማንም አይመልስለትም።

ሂዳያ ሩዙን አብስላ፣ ከግሮንላንድ ሰፈር የተገዛውን የበግ ሥጋ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ከድና፣ እናቷን ትጠብቃለች። መፍቱሃ ማድቤት ቆማ፣ እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ አድርጋ፣ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። «ስለዚህ ዐረብ አይደለንም?» አለች ልጅቱ። «እማ፣ ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሣሉ ስንባል እኔ ከላይ ግመል ሥዬ ነበር እኮ።» ሁለቱም ሳቁ፣ ሳቁም ሳያልቅ ጠፋ። መፍቱሃ እጇን ጠረገችና «ከዛሬ ጀምሮ አቤት ትያለሽ። እኔም እላለሁ። ያን ቃል ከዚህ ቤት እናውጣው» አለች።

«ኔይ፣ እማ። አይሆንም።»

«ምን ኔይ አለው?»

«ስሟን ወስደውባታል። ቃሏን ጋሼ ረስቶታል። ከእሷ እኛ ዘንድ የቀረ ያ ብቻ ከሆነስ?» ሂዳያ ጋሼ ዑመርንም «አንተ» ነው የምትለው፣ በኖርዌይ ያደጉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ መፍቱሃ ማረሙ ደክሟት ትታዋለች። «እኛም ካባረርናት የት ትሂድ?» አለች ልጅቱ። የበሩ ደወልም ጮኸ።

እትዬ ሐምዲያ ገብተው ተቀመጡ። ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ በዚህ አገር ካፖርቱን ያላወለቀ እንግዳ የሚቆይ እንግዳ አይደለም። ሂዳያ ሰላም ብላ ወደ ማድቤት ተመለሰች፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው። ለጥቂት ጊዜ ስለ መንገዱ ጭቃ ተባለ፣ ስለ አዳራሽ ኪራይ መወደድ ተባለ። ማሞቂያው ጠቅ ጠቅ ይላል። «አገኘሽው?» አሉ እትዬ ሐምዲያ።

ፋጡማ የምትለው ስም መፍቱሃ አፍ ውስጥ ተዘጋጅታ ተቀምጣ ነበር። ገርበብ ያለውን በር አየች፣ ከበሩ ኋላ የቆመችውን የልጇን ጥላ አየች። ያ ጥርስ ትዝ አላት። ፋጡማ ብትል እሁድ ሽማግሌ ይላካል፣ በዓመቱ ልጅ ይመጣል፣ ያ ልጅም ፋጡማ የምትባል፣ ኖራ የማታውቅ ሴት ዘር ይሆናል። እውነተኛዋም ለሁለተኛ ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«በረከቴ ብዙ ነበር የሚሏቸው» አለች መፍቱሃ። ድምፁ ከራሷ የመጣ አልመሰላትም። «ከባቲ የተገዙ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቅ የለም።»

እትዬ ሐምዲያ አልተንቀሳቀሱም። መፍቱሃ ይነሣሉ ብላ ጠበቀች፣ አልተነሡም። ቀኑን ሙሉ በሐሳቧ ሲመላለስ የዋለ ጥያቄ ነበርና፣ አሁን ሁሉ ካለቀ ብላ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው። «እትዬ፣ እርስዎስ? ጠዋት ገና አንድ ጊዜ ሲሰሙት አወቁት። ይሄን መልስ የት ሰምተውት ነው?»

ማሞቂያው ጠቅ አለ። እትዬ ሐምዲያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ይዘው ያዞሩት ጀመር። «አያቴ ቤት» አሉ። «ሐይቅ። አሮጊት ነበረች፣ ነፃ ነሽ ተብላ የምትሄድበት ጠፍቷት የቀረች። እኛ ልጆቹ ከየጥጉ ተደብቀን እንጠራት ነበር። መመለሷ አይቀርማ። ወንፊት ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ ይጨምር። ከወዲያ ስንጠራት፣ ይጨምር። ጨዋታችን ነበር።» ቁልፉ ከክሩ ተላቅቆ እጃቸው ላይ ቀረ፣ አዩት። «ከሞተች በኋላ እኔ ጓዳ ብቻዬን መግባት እምቢ አልኩ። ይሰማኝ ነበር። ግሩነርሎካ ድረስ መጥቼ፣ ደረጃው ላይ ሰው ሲጠራ፣ ትመልስ ይሆን ብዬ ቆሜ አዳምጣለሁ። ጠዋት ከዚህ ማድቤት ስትመልስ ግን…» አልጨረሱትም። «እኔ ያንቺን አጥንት ልጠይቅ አልነበረም የመጣሁት፣ መፍቱሃ። ለራሴም እንዲያ መስሎኝ ነበር፣ የፈለግኳት ግን ያቺን አሮጊት ነው።»

መፍቱሃ ተነሥታ ታቅፋቸው ይሆን፣ ታባርራቸው ይሆን፣ ለራሷም አልታወቃትም፣ ስለዚህ እንደተቀመጠች ቀረች። ሁለቱ ሴቶች የተከደነውን ምግብ አዩት። ከዚያ እትዬ ሐምዲያ ካፖርታቸውን አወለቁ። አንዱን እጅጌ፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብለው። አጥፈው ጎናቸው አስቀመጡትና፣ እጃቸውን ዘርግተው አይተው፣ ወደ ገርበብ ወዳለው በር ዞሩ።

«ሂዳያ» አሉ። ከወትሮው ድምፃቸው ግማሹ እንኳ አልነበረም። «ውሃ አምጪልኝ እስቲ፣ እጄን ልታጠብ።»

ማድቤቱ ጸጥ አለ። መልሱ በመፍቱሃ ምላስ ሥር ተነሣ፣ እሷ ግን ዋጠችው፣ የተጠራችው እሷ አይደለችምና። እትዬ ሐምዲያ ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም። ቧንቧው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሂዳያ ማስታጠቢያውንና ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች፣ ፎጣው ትከሻዋ ላይ ነው፣ ዓይኗ ቀልቷል። መጥታ ፊታቸው ቆመች፣ ውሃውን ግን ገና አላፈሰሰችም።

«ለእሳቸውም፣ ለአያታችን፣ ይጨምርላቸው» አለች።

እትዬ ሐምዲያ የተዘረጉትን እጆቻቸውን ገለበጡ፣ መዳፋቸው ወደ ላይ ሆነ፣ ለዱዓ እንደሚያዝ።

«አሚን» አሉ።

ሂዳያም ውሃውን አፈሰሰችላቸው።